ቤድርዢኽ ስሜታና እና የብሔራዊ ባህል ጥያቄ

በ1848 የጸደይ ወራት የፕራግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የራሳቸውን የታጠቀ ጓድ አቋቁመው ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለዚህ ጓድ የሰልፍ ማርሽ የደረሰለት ሰው የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ፒያኖ እያስተማረ የዕለት እንጀራውን የሚያገኝ፣ ስሙ ገና ያልታወቀ ሙዚቀኛ ነበር። ይህ ወጣት ቤድርዢኽ ስሜታና ይባላል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ስድስት ዓመታት የቼክ ሕዝብ የራሴ የሚለውን ሙዚቃ መሠረት ጣለ፤ በመጨረሻም ጆሮው ደንቁሮ፣ አእምሮው ታውኮ፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ።

ፕራግ ለተማሪዎች እንቅስቃሴ እንግዳ ስም አይደለችም። ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ኅብረት በ1946 የተመሠረተው በዚያች ከተማ ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር 17 ቀን የሚታሰበው የተማሪዎች ቀንም ናዚዎች በ1939 ዘጠኝ የቼክ ተማሪዎችንና መሪዎቻቸውን የረሸኑበትና የቼክ ዩኒቨርሲቲዎችን የዘጉበት ቀን መታሰቢያ ነው። ብዙዎቻችን ይህን እናውቃለን። ከዚያ ዘጠና ዓመት አስቀድሞ በዚያችው ከተማ ተማሪዎች ጠመንጃ አንሥተው እንደነበረ፣ ከእነሱም ጎን አንድ የሙዚቃ ሰው ተሰልፎ እንደነበረ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንድ ሙዚቀኛ ገድል መጻፍ አይደለም። የስሜታና ሕይወት ለማንኛውም ተራማጅ ምሁር የሚቀርብ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። የተጨቆነ ሕዝብ ብሔራዊ ባህል ምንድን ነው? ከአያት ከቅድመ አያት ተቀብለው እንደ ታቦት ሸፍነው የሚያስቀምጡት ቅርስ ነው? ወይስ እያንዳንዱ ትውልድ በራሱ ጉልበት፣ ከራሱ ወገን ጋር ሳይቀር እየታገለ የሚሠራው ሥራ ነው? ስሜታና በተግባር የሰጠው መልስ ሁለተኛው ነው። ለዚህም መልሱ ብዙ ከፍሏል።

1. አገሩና ዘመኑ

የስሜታናን ሥራ ለመረዳት በመጀመሪያ የተወለደበትን ኅብረተሰብ ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል። ቦሄሚያ በ1620 በነጭ ተራራ ጦርነት በሐብስቡርግ ንጉሠ ነገሥት ከተሸነፈች በኋላ፣ የዓመፁ መሪዎች የነበሩ 27 ሰዎች በፕራግ አደባባይ ተገደሉ። የዓመፀኞቹ መሬት ተወርሶ ለዙፋኑ ታማኝ ለሆኑ ባላባቶች ተከፋፈለ። ጀርመንኛ የቢሮና የፍርድ ቤት ቋንቋ እየሆነ ሄደ። በ1780ዎቹ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ ከፍተኛው ትምህርት በጀርመንኛ እንዲሰጥ አዘዘ። የቼክ ቋንቋ ማደሪያው የጭሰኛው ጎጆ፣ የእጅ ሠራተኛው ሱቅና የገረዶች ማድ ቤት ብቻ ሆነ። አንድ ሰው ተምሮ ከፍ ለማለት ከፈለገ የእናቱን ቋንቋ ደጅ ጥሎ መግባት ነበረበት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ምሁራን ይህን ቋንቋ ወደ መጽሐፍ ለመመለስ ተነሡ። ከእነሱ አንዱ ዮሴፍ ዩንግማን ከ1834 እስከ 1839 ባለ አምስት ቅጽ የቼክና የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ጭሰኛው ግን ገና በሮቦታ፣ ማለትም ለባላባቱ በሚሠራው የግዳጅ ሥራ ታስሮ ነበር። ስለዚህ በቦሄሚያ የቋንቋው ጥያቄና የመሬቱ ጥያቄ ከመነሻው የተያያዙ ነበሩ። ቼክኛ የሚናገረው ክፍል በአብዛኛው ጉልበቱን የሚበዘበዘው ክፍል ነበርና።

2. ጀርመንኛ የተማረው የቢራ ጠማቂ ልጅ

ስሜታና ማርች 2 ቀን 1824 በምሥራቅ ቦሄሚያ በምትገኘው በሊቶሚሽል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍራንቲሼክ በባላባቱ ግንብ አጠገብ ያለውን የቢራ መጥመቂያ ተከራይቶ የሚሠራ፣ ኑሮው የተደላደለ ሰው ነበር። ቫዮሊንም ይጫወታል። ልጁ በስድስት ዓመቱ በሕዝብ ፊት ፒያኖ ተጫወተ። በቤት ውስጥ የሚነገረው ቼክኛ ነበር፤ ትምህርት ቤት ግን ጀርመንኛ ነው። የክርስትና ስሙም በጀርመንኛ ፍሪድሪኽ ተብሎ ተመዘገበ። ዓለም የሚያውቀው ቤድርዢኽ የዚያው ስም የቼክ መልክ ነው፤ በዚህ ስም መጠራትን የመረጠው ካደገ በኋላ ነው።

ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ አንዱ ካሬል ሃቭሊቼክ ነበር። ይህ ሰው በኋላ የቼክ ጋዜጠኝነት ፈር ቀዳጅ ሆኖ፣ ብዕሩ አልታጠፍ ስላለ በ1851 መጨረሻ ተይዞ ወደ ሩቅ የቲሮል ከተማ ተግዟል። ስሜታና ፕራግ በተማረበት ዓመትም የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ያው መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ዩንግማን ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች አጠገብ ያደገው ልጅ ግን በመደበኛው የቼክ ቋንቋ በትክክል መጻፍ አይችልም ነበር። የግል ማስታወሻውን እስከ 1860ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሚጽፈው በጀርመንኛ ነው። የቼክ ብሔራዊ ሙዚቃ አባት የሚባለው ሰው የሕዝቡን ቋንቋ ሰዋስው ያጠናው ወደ አርባ ዓመት ሲጠጋ ነው። ይህ የሚያሳፍር ጉድለት ሳይሆን የጭቆናው ትክክለኛ መለኪያ ነው።

3. የ1848 አብዮትና ከዚያ በኋላ

በ1848 መጀመሪያ የፓሪስ አብዮት ወሬ እንደ ሰደድ እሳት ወደ ቪየናና ወደ ፕራግ ደረሰ። በጁን ወር በፕራግ የስላቭ ሕዝቦች ጉባዔ በተደረገበት ሰሞን ተማሪዎች፣ የእጅ ሠራተኞችና የፋብሪካ ሠራተኞች ጎዳናዎቹን በድንጋይና በጋሪ ዘግተው ከንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ጋር ተዋጉ። ስሜታና በቻርልስ ድልድይ አጠገብ በነበረው ምሽግ ተሳትፏል። በዚያው ዓመት ለተማሪዎቹ ጓድና ለብሔራዊ ዘብ ማርሾችን፣ እንዲሁም ስለ ነፃነት የሚዘመር መዝሙር ደርሷል። ጄኔራል ቪንዲሽግሬትስ ከተማይቱን በመድፍ ደብድቦ ዓመፁን በጥቂት ቀናት ውስጥ ደመሰሰው። ከዚያ ሁሉ ያልተቀለበሰው ትልቁ ድል በሴፕቴምበር 1848 የቪየና ፓርላማ የወሰነው የሮቦታ መሻር ነው። ጭሰኛው ከግዳጅ ሥራ ተላቀቀ፤ የፖለቲካ ነፃነቱ ግን ተመልሶ ተወሰደ።

ከዚህ ላይ ለንድፈ ሐሳብ ተማሪ የሚጠቅም አንድ ጉዳይ አለ። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በጁን 1848 የፕራግን ዓመፅ ደግፎ ጽፎ ነበር። በፌብሩዋሪ 1849 ግን ቼኮችን ጨምሮ አብዛኞቹን የኦስትሪያ ስላቮች የራሳቸው ታሪክና የወደፊት ዕድል የሌላቸው ሕዝቦች አድርጎ ፈረደባቸው። ይህን የጻፈው የስላቭ መሪዎች ከንጉሠ ነገሥቱ ወገን መሰለፋቸውን አይቶ ነው። የመሪዎችን ጥፋት የሕዝብ ባሕርይ አድርጎ መቁጠር ግን ስሕተት ነበር። ታሪክም ፍርዱን አላጸደቀለትም። ታላቅ አስተማሪም ቢሆን ስለ አንድ ሕዝብ የሚናገረው ከሕዝቡ ሥራ ጋር እየተመዘነ እንጂ እንደ ዳዊት እየተደገመ መወሰድ የለበትም።

ስሜታናንም እንዲሁ መመዘን አለብን። ይህ የምሽግ ሰው አብዮቱ ከከሸፈ በኋላ ከሥልጣን ለወረደው ለንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ በፕራግ ቤተ መንግሥት ፒያኖ ይጫወት ነበር። በ1854 ደግሞ ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ለፍራንዝ ዮሴፍ ጋብቻ አንድ ሲምፎኒ ደርሶ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ አስገባበት። ቤተ መንግሥቱ መታሰቢያነቱን አልተቀበለውም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አብዮት ሲሸነፍ ብዙ ምሁር አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍበት ዘመን ይመጣል፤ ጥያቄው አንገቱን ቀና ለማድረግ መቻሉና አለመቻሉ ነው።

የእነዚያ ዓመታት የግል ሐዘንም ቀላል አልነበረም። ከ1854 እስከ 1856 ባለው ጊዜ ውስጥ ከአራት ሴቶች ልጆቹ ሦስቱ ሞቱበት። ከመካከላቸው ለሙዚቃ ልዩ ተሰጥዎ የነበራትን የመጀመሪያ ልጁን ባጣ ጊዜ፣ በ1855፣ ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ የተጻፈውን በጂ ማይነር ቅኝት የተሠራ ድርሰቱን ጻፈ። በ1856 ሥራ ፍለጋ ወደ ስዊድን ተሰዶ በዬተቦሪ ከተማ እያስተማረና የመዘምራን ቡድን እየመራ አምስት ዓመት ያህል ኖረ። ባለቤቱ ካቴርዢና በ1859 ወደ አገሯ ስትመለስ መንገድ ላይ፣ በድሬስደን ከተማ ሞተች።

4. የቲያትሩ ትግል

በ1859 ኦስትሪያ በጣሊያን ጦርነት ተሸነፈች። ገንዘቡም ክብሩም የተመናመነው ንጉሠ ነገሥት በ1860 ለግዛቶቹ የተወሰኑ መብቶችን ለመስጠት ተገደደ። የቼክ ማኅበራት፣ ጋዜጦችና የመዘምራን ቡድኖች እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈሉ። ስሜታና በ1861 አገሩ ገባ። በኖቬምበር 1862 በቼክ ቋንቋ ብቻ የሚሠራ ጊዜያዊ ቲያትር በፕራግ ተከፈተ። ሕንፃው ጠባብ ነበር፤ ግን የራሳቸው ነበር።

የመጀመሪያው ኦፔራው «ብራንደንቡርጎች በቦሄሚያ» ጃንዋሪ 5 ቀን 1866 ታየ። ታሪኩ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የባዕድ ጦር አገሩን በያዘበት ጊዜ የሆነ ነው። በመድረኩ ላይ ጎልቶ የሚታየው መስፍን ወይም ጳጳስ ሳይሆን ይራ የሚባል ከጌታው የኮበለለ ገባር ነው። የፕራግ ድኾች ይራን መሪያቸው ያደርጉታል፤ የከተማው ከበርቴዎች ግን በሞት ሊያስቀጡት ይፈልጋሉ። በዚህ ኦፔራ የሕዝቡ ስብስብ ራሱ እንደ አንድ ተዋናይ ይዘፍናል። በጊዜው ይህ ደፋር ነገር ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ሜይ 30 ቀን 1866፣ «የተሸጠችው ሙሽራ» ተከተለ። ታሪኩ ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። አንድ ባለ ዕዳ ገበሬ ልጁን ማርዤንካን ለሀብታሙ ሚኻ ልጅ ሊድራት ይስማማል። በመካከል የጋብቻ ደላላ አለ። ልጅቱ ግን የምትወደው የኒክ የተባለውን ድኻ ነው። ደላላው ለየኒክ ሦስት መቶ ጉልደን ከፍሎ ልጅቱን እንዲተዋት ያዋውለዋል። የኒክም «የሚኻን ልጅ ብቻ እንድታገባ» የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ያስገባና ይፈርማል። መንደሩ ሁሉ እጮኛውን ሸጠ ብሎ ይተፋበታል። በመጨረሻ የሚታወቀው ግን የኒክ ራሱ ከቤት የተባረረ የሚኻ የበኩር ልጅ መሆኑ ነው። ገንዘቡንም ሙሽራይቱንም ይወስዳል። ሰውን በዋጋ የሚተምን ሥርዓት በራሱ ውል ተጠልፎ ሲወድቅ ገበሬው ይስቃል። ኦፔራው በመጀመሪያው ምሽት አልተሳካም፤ ከፕሩሲያ ጋር ጦርነት ሊነሣ ነው የሚለው ወሬ የከተማውን ሰው ልብ ይዞት ነበር። ስሜታና ግን ደጋግሞ እያሻሻለ፣ የመንደር ጭፈራዎችን እየጨመረበት፣ በሴፕቴምበር 1870 ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ሰጠው።

በዚሁ በ1866 የቲያትሩ ዋና የሙዚቃ መሪ ሆነ። ችግሩም የጀመረው ከዚህ ነው፤ ጠላቶቹ ቪየና ሳይሆን እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ። የቼክ እንቅስቃሴ በሁለት ወገን ተከፍሎ ነበር። «አሮጌ ቼኮች» የሚባሉት ከባላባቶቹ ጋር ተስማምተው በዝግታ ለመሄድ የሚፈልጉ ናቸው፤ መሪያቸው ፍራንቲሼክ ሪገር ነበር። «ወጣት ቼኮች» የሚባሉት ደግሞ ለሰፊ ዲሞክራሲያዊ መብት የሚሟገቱ ነበሩ። ስሜታና በእነሱ ጋዜጣ ላይ የሙዚቃ ሂስ ይጽፍ ስለነበረ ከእነሱ ጋር ተቆጠረ።

ጸቡ የሥልጣን ብቻ አልነበረም፤ የሐሳብም ነበር። በሪገር አስተያየት ስለ ቼክ ሕዝብ የሚጻፍ ኦፔራ በሕዝብ ዘፈኖች ላይ መመሥረት አለበት። በስሜታና አስተያየት ግን የሕዝብ ዘፈን እየለቀሙ መስፋት የተጣጣፈ ልብስ እንጂ አንድ ወጥ ሥራ አይሆንም። የሕዝቡን የንግግር ምት፣ የጭፈራውን ስልትና ስሜቱን በውስጥ ይዞ፣ በዘመኑ በዳበረው የኦርኬስትራና የኦፔራ ጥበብ አዲስ ነገር መፍጠር ያስፈልጋል። የመዝሙር መምህሩ ፍራንቲሼክ ፒቮዳና ወገኖቹ ይህን «የቫግነር ጀርመናዊነት» ብለው ከሰሱት። በሜይ 1868 የብሔራዊ ቲያትሩ የመሠረት ድንጋይ በተጣለበት ቀን የታየው «ዳሊቦር» የተባለው ኦፔራውም በዚሁ ክስ ተመታ። በዲሴምበር 1872 ሰማንያ ስድስት የቲያትሩ ደንበኞች እንዲሰናበት ፈርመው ጠየቁ። ከሥራው ያልተባረረው እነ አንቶኒን ድቮርዣክ ያሉበት የሙዚቀኞች ቡድን አጥብቆ ስለቆመለት ነው።

እስቲ እናስተውል። ከሳሾቹ «ንጹሕ የቼክ» የሚሉት ነገር ራሱ ምን ያህል ጥንታዊ ነበር? የቼክ ምልክት ሆኖ የቀረው የፖልካ ጭፈራ በከተማ ተስፋፍቶ የታወቀው በ1830ዎቹ ነው፤ ስሜታና ከፖልካ በዕድሜ ይበልጣል ማለት ይቻላል። ዛሬ ቼክ ሁሉ እንደ ሁለተኛ ብሔራዊ መዝሙር የሚያየው የቭልታቫ ዜማም ከአንድ የቆየ የጣሊያን ዜማ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ይህ ቼክነቱን አይቀንሰውም። ዜማው የቼክ የሆነው ከተወለደበት መንደር የተነሣ ሳይሆን ስሜታና ከሠራበት ሥራና ሕዝቡ ከተቀበለበት ትግል የተነሣ ነው።

5. የካሬል ሳቢና ጉዳይ

አሁን ወደ አንድ መራራ ነገር እንመጣለን። የእነዚህን የሁለቱን ኦፔራዎች፣ የኮብላዩን ገባርና የተሸጠችውን ሙሽራ ቃል የጻፈው ካሬል ሳቢና የሚባል ደራሲ ነው። ሳቢና በ1848 ከግራዎቹ ዲሞክራቶች አንዱ ነበር። በ1849 በተደረሰበት የዓመፅ ዝግጅት ተይዞ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ ረጅም እስራት ተለውጦ በ1857 በምሕረት ተፈታ። ብዕሩን እንጂ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም። በ1872 ጓደኞቹ ሰብስበው መረመሩት። ለኦስትሪያ ፖሊስ ለዓመታት የጓዶቹን ወሬ በገንዘብ ሲያቀብል የኖረ ሰላይ ሆኖ ተገኘ። ከአገር እንዲወጣ አስገደዱት፤ ተመልሶ ተደብቆ እየኖረ በ1877 በድኽነት ሞተ።

የተማሪ ማኅበር አባል የሆነ ሁሉ ይህን ሲያነብ ልቡ ይመታል። ስለ ነፃነት የጻፈው እጅ የጓዶቹን ስም ዝርዝር የጻፈው እጅ ነው። ታዲያ ሥራው ምን ይሁን? የቼክ ሕዝብ መልስ ግልጽ ነበር። ሰውየውን አወገዘ፤ ኦፔራውን ግን አላቃጠለም። ሜይ 5 ቀን 1882 «የተሸጠችው ሙሽራ» ለመቶኛ ጊዜ ታየች። ለከሐዲ ይቅርታ ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ ሕዝብ የራሱ ያደረገውን ሥራ ለከሐዲው መልሶ ማስረከብ ግን ራስን መዝረፍ ነው። በሌላ በኩልም የሥራው ማማር ለሰውየው ምስክር ሊሆነው አይችልም። እነዚህ ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን መቆም አለባቸው።

6. ድምፅ የሌለው ድርሰት

በ1874 የበጋ ወራት ጆሮው ይጮኽበት ጀመር። በኦክቶበር 1874 ፈጽሞ ደነቆረ። ዕድሜው ሃምሳ ነበር። የሙዚቃ መሪነቱን ተወ። ቲያትሩ ኦፔራዎቹን እንዲያሳይ በመፍቀዱ በዓመት 1,200 ጉልደን ሊከፈለው ተስማሙ፤ ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ እየዘገየ አንገላታው። በ1876 ፕራግን ለቅቆ ያብኬኒትሴ በምትባል መንደር የደን ጠባቂ ሹም ከነበረው አማቹና ከልጁ ከዦፊዬ ቤት ተጠጋ።

ትልቁን ሥራውን የሠራው በዚህ ጊዜ ነው። «አገሬ» የተባለው ድርሰት ስድስት ክፍሎች አሉት። ዘፋኝ የለውም፤ ኦርኬስትራው ብቻ ታሪኩን ይተርካል። የመጀመሪያው ክፍል «ቪሼህራድ» የጥንቱን ግንብ ያነሣል፤ እሱን ጀምሮ ሳይጨርስ ደነቆረ። ሁለተኛው «ቭልታቫ» የተጻፈው ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 8 ቀን 1874፣ ከደነቆረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ሁለት ትናንሽ ምንጮች ተገናኝተው ወንዝ ይሆናሉ፤ ወንዙ በአዳኞች ጥሩንባ፣ በገበሬ ሠርግ፣ በጨረቃ ብርሃን አልፎ፣ ፏፏቴ ወርዶ ፕራግ ይገባል። የወንዙን ድምፅ የጻፈው ሰው የውሃ ጠብታ እንኳ አይሰማም ነበር።

ከፖለቲካ አንፃር የሚበልጡት የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች፣ በ1878 እና በ1879 የተጻፉት «ታቦር» እና «ብላኒክ» ናቸው። ሁለቱም የተገነቡት የሁሳውያን ተዋጊዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ይዘምሩት በነበረው መዝሙር ላይ ነው። ያን ሁስ በ1415 በእሳት ከተቃጠለ በኋላ በ1420 የታቦርን ከተማ የቆረቆሩት ገበሬዎችና የከተማ ድኾች በመጀመሪያ ንብረታቸውን የጋራ አድርገው፣ ጌታና ሎሌ የለም ብለው ነበር። ስሜታና ከብዙ መቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ ለመደምደሚያ የመረጠው የነገሥታትን ዘውድ ሳይሆን ይህን የዓመፀኞች መዝሙር ነው። ባህልን መምረጥ ማለት ይህ ነው። ካለፈው ውስጥ የትኛውን ክር እንደምትመዝ የሚወስነው የቆምክበት ቦታ ነው።

በ1876 የጻፈው «ከሕይወቴ» የተባለው የአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ድርሰት የግል ኑዛዜው ነው። በመጨረሻው ክፍል ጭፈራው ደርቶ ሳለ በድንገት ይቋረጥና አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሚወጋ ድምፅ በቫዮሊን ይሰማል። ይህ ከመደንቆሩ በፊት ጆሮው ውስጥ ይጮኽ የነበረው ድምፅ ነው።

7. ሕዝብ ለራሱ

ብሔራዊ ቲያትሩ በሕዝብ መዋጮ ተሠርቶ ጁን 11 ቀን 1881 «ሊቡሼ» በተባለው የስሜታና ኦፔራ ተከፈተ። ኦፔራው በ1872 ተጽፎ አልቆ ለዚህ ቀን ሲጠበቅ የኖረ ነው። በሁለት ወሩ፣ ኦገስት 12 ቀን፣ ሕንፃው ተቃጠለ። ገበሬው፣ ሠራተኛውና ባለ ሱቁ ዳግመኛ ኪሱን አራገፈ፤ በአርባ ሰባት ቀን አንድ ሚሊዮን ጉልደን ተዋጣ። በኖቬምበር 18 ቀን 1883 ቲያትሩ በዚያው በ«ሊቡሼ» እንደገና ተከፈተ። ከመድረኩ በላይ «ሕዝብ ለራሱ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። «አገሬ» ስድስቱም ክፍሎች አንድ ላይ ሆነው በፕራግ የተሰሙት ኖቬምበር 5 ቀን 1882 ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ደራሲው ጭብጨባውን በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላ አእምሮው እየደከመ ሄደ። በኤፕሪል 1884 ፕራግ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሜይ 12 ቀን ሞተ። የተቀበረው በዚያው ስሙን ባነሣው በቪሼህራድ ነው።

8. ከሞተ በኋላ የማን ሆነ?

ሕያው ሳለ ያዋረዱት ሁሉ ሲሞት ወረሱት። በ1939 ናዚዎች አገሪቱን በያዙ ጊዜ ሕዝቡ «አገሬ»ን ሲሰማ እንባውንና ቁጣውን ይገልጥበት ነበር። ከ1952 ጀምሮ የፕራግ ጸደይ የሙዚቃ በዓል በሞተበት ቀን፣ ሜይ 12፣ በዚሁ ሥራ መከፈቱ ልማድ ሆኗል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሦስት ሚሊዮን ያህል ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከአገሪቱ ተባረሩ። ስሜታና ራሱ የተማረበትና የጻፈበት ቋንቋ ተናጋሪዎች ነበሩ። የተጨቆነ ብሔር እንቅስቃሴ ሌላውን ሕዝብ የማያይበት ዓይን ካበጀ ወዴት እንደሚደርስ ይህ ያሳያል።

በ1948 ኮሙኒስት ፓርቲው ሥልጣን ሲይዝ የትምህርት ሚኒስትሩ ዝዴኔክ ኔየድሊ ነበር። ኔየድሊ ስሜታናን ያጠናና ያከበረ ምሁር ነው፤ ግን አክብሮቱን ዱላ አደረገው። በስሜታና ስም ድቮርዣክንና ሌሎችን ሲያንኳስስ ኖሯል። የኦርኬስትራ መሪው ራፋኤል ኩቤሊክ በዚያው ዓመት አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በኦገስት 1968 የውጭ ታንኮች ፕራግ ገቡ። መንግሥቱ ግን የስሜታናን በዓል ማክበሩን አላቋረጠም።

ኖቬምበር 17 ቀን 1989 የፕራግ ተማሪዎች በ1939 የተረሸኑትን ጓዶቻቸውን አምሳኛ ዓመት ለማሰብ ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ በዱላ ደበደባቸው። ሕዝቡ ተከትሏቸው ወጣ፤ ሥርዓቱም በሳምንታት ውስጥ ወደቀ። በሜይ 1990 ኩቤሊክ ከአርባ ሁለት ዓመት ስደት ተመልሶ «አገሬ»ን መራ። የተማሪዎችን ማርሽ በደረሰው ሰው ሙዚቃ የተከበረው ድል ተማሪዎች የጀመሩት ነበር።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ምን እንወስዳለን? አንደኛ፣ በባዕድ ቋንቋ መማር ለሕዝብ ከመሥራት አያግድም፤ ምክንያት ሆኖ መቅረብም አይችልም። እኛም ቤታችን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ እየተናገርን አድገን፣ ከፍ ያለውን ትምህርት በእንግሊዝኛ የተማርን ነን። ስሜታና በአርባ ዓመቱ የሰዋስው መጽሐፍ ገልጦ ከመጀመር አላፈረም። ሁለተኛ፣ ባህልን በንጽሕና ስም የሚጠብቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠብቁት የራሳቸውን ወንበር ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ሥራ ተራማጅ የሚሆነው መንግሥት ስላከበረው አይደለም፤ አከባሪው ሲወድቅም ሥራው አብሮ አይወድቅም።

ስሜታና የወረሰው ቋንቋውን የተነጠቀ፣ ሸንጎውን ያጣ፣ ቲያትር የሌለው ሕዝብ ነበር። ትቶለት የሄደው ግን ደንቁሮ እንኳ የሰማውን ወንዝ ነው። ያ ወንዝ በፕራግ ዛሬም ይሰማል። የእኛስ ወንዞች የሚጠብቁት ማንን ነው?